ፕቴሮሶር በገዛ ኀይሉ ይበር ነበርን?

አዕዋፍ በሰማይ ከመታየታቸው ብዙ ሚሊዮን ዓመታት አስቀድሞ፣ የሌሊት ወፍም ገና ከፍጥረታት መካከል ባልተቈጠረችበት ዘመን፣ አየሩን ይገዙ የነበሩት ፕቴሮሶር የሚባሉት ተሳቢ እንስሳት እንደ ነበሩ፣ ከጀርመን የኖራ ድንጋይ አንሥቶ እስከ ዮርዳኖስ በረሓ ድረስ በየአለቱ ተቀብሮ የቆየው ዐፅማቸው ይመሰክራል። ዘመናቸውም ከዛሬ 220 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ ታላላቆቹ ዳይኖሰሮች እስከ ጠፉበት እስከ 66 ሚሊዮን ዓመት በፊት የደረሰ ነው። ክንፍ እንደ ነበራቸው ዛሬ የሚጠራጠር የለም፤ ሊቃውንቱን ከሁለት ምዕተ ዓመት በላይ ያከራከራቸው፣ እነዚህ ፍጥረታት ክንፋቸውን እያርገበገቡ በገዛ ኀይላቸው ከምድር ይነሡ ነበርን፣ ወይስ ከገደል አፋፍ ራሳቸውን እየለቀቁ ነፋስ ወደ ወሰዳቸው የሚሄዱ ተንሳፋፊዎች ብቻ ነበሩ የሚለው ጥያቄ ነው።

በአየር ላይ መገኘት ሁሉ መብረር አይደለምና፣ ነገሩን ከመመርመር አስቀድሞ ሦስቱን መንገዶች መለየት ይገባል። አንደኛው፣ ከከፍታ ተነሥቶ ቆዳን ዘርግቶ ቀስ እያሉ ቁልቁል መውረድ ሲሆን፣ በዚህ መንገድ የሚሄድ እንስሳ በሄደ ቍጥር ከፍታውን እየከፈለ ስለሚሄድ መጨረሻው መሬት ነው። ሁለተኛው፣ ክንፍን ዘርግቶ ከሞቀ መሬት ወይም ከተራራ ጥግ ወደ ላይ በሚነሣ አየር እየተደገፉ መንሳፈፍ ነው። ሦስተኛው፣ በደረትና በትከሻ ጡንቻ ብርታት ክንፍን እየመቱ ራስን ወደ ፊትና ወደ ላይ መግፋት ነው፤ በገዛ ኀይል መብረር የምንለውም ይህ ብቻ ነው። ነገር ግን ሁለተኛውና ሦስተኛው መንገድ በአንድ እንስሳ ላይ የማይጣሉ መሆናቸውን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ቀኑን ሙሉ ክንፉን ሳያንቀሳቅስ ሲዞር የሚውለው ጥንብ አንሣ እንኳ ከበላበት ስፍራ የሚነሣው ክንፉን በብርቱ እየመታ ነውና። ይህን ልዩነት ያልጠበቁ ጸሐፍት በፕቴሮሶር ላይ ብዙ የተሳሳተ ፍርድ ፈርደዋል።

የጀርባ አጥንት ካላቸው እንስሳት መካከል በገዛ ኀይል የመብረር ጸጋ የተሰጣቸው ሦስት ወገኖች ብቻ ናቸው፤ እነርሱም አዕዋፍ፣ የሌሊት ወፎች፣ እንደምናየውም ፕቴሮሶሮች ናቸው። በጥንት ዘመን በአየር ላይ የታዩ ሌሎች ተሳቢዎች ግን በመጀመሪያው መንገድ ብቻ የሚሄዱ ነበሩ። በማዳጋስካር አለት ውስጥ የተገኘው ሴሉሮሶራቩስ ከጎኑ በሚዘረጉ ቀጫጭን አጥንቶች፣ የእንግሊዙ ኩነዮሶሩስ በረዘሙት ጎድኖቹ፣ የኪርጊዝስታኑ ሻሮቪፕቴሪክስ ደግሞ በኋላ እግሮቹ ቆዳን ወጥረው ከዛፍ ወደ ዛፍ ይንሳፈፉ ነበር። ጎድን ግን እንደ ክንድ ሊመታ አይችልም፤ የሚያንቀሳቅሰውም ታላቅ የደረት ጡንቻ የለውም። ስለዚህ ስለ እነዚህ ብዙ መከራከር አላስፈለገም።

የፕቴሮሶር ክርክር የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1784 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። በዚያ ዓመት፣ ቀድሞ የቮልቴር ጸሐፊ የነበረውና በኋላም በማንሃይም ከተማ የመስፍኑን የካርል ቴዎዶርን የሥነ ፍጥረት ስብስብ ይጠብቅ የነበረው ኮሲሞ ኮሊኒ፣ ከባቫሪያ የኖራ ድንጋይ የወጣ እንግዳ ዐፅም ለሊቃውንት አስታወቀ። እጅግ የረዘመ አንድ ጣት ያለው ይህ ፍጥረት ምን እንደ ሆነ ለመወሰን ቢቸገርም፣ ምናልባት ከባሕር እንስሳት ወገን ይሆናል ብሎ ገመተ። በ1800 የስትራስቡርጉ ሊቅ ዮሐን ኸርማን ያ ረጅም ጣት የቆዳ ክንፍ ተሸካሚ መሆኑን አስተውሎ ለፓሪሱ ለጆርጅ ኩቪዬ ጻፈለት፤ ኩቪዬም በሚቀጥለው ዓመት ፍጥረቱ በራሪ ተሳቢ ነው ሲል በግልጽ ተናገረ። ይሁን እንጂ ሁሉም አልተቀበሉትም፤ ዘመሪንግ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በ1812 ከሌሊት ወፍ ጋር የሚቀራረብ አጥቢ እንስሳ አደረገው፤ ዮሐን ቫግለር ደግሞ በ1830 ክንፉን ወደ መቅዘፊያ ለውጦ ወደ ባሕር መለሰው።

ከዚህ በኋላ በእንግሊዝ አገር የተነሣው ክርክር ወደ ጉዳዩ ልብ የገባ ነበር። በ1828 ሜሪ አኒንግ በላይም ሪጂስ የባሕር ዳርቻ ካገኘችው ዐፅም በኋላ የእንግሊዝ ሊቃውንት የራሳቸው ፕቴሮሶር ነበራቸው፤ በዘመኑ በሥልጣን የላቀው ሪቻርድ ኦወን ግን ፕቴሮሶር ተሳቢ ስለሆነ ደሙ እንደ አዞ ደም የቀዘቀዘ መሆን አለበት በሚለው ሐሳቡ ጸና። ሃሪ ሲሊ የተባለው ሊቅ ይህን ተቃወመ፤ መብረር ብዙ ኀይል የሚጠይቅ ሥራ ነውና ይህን የሚያደርግ ፍጥረት የሞቀ ደም፣ ብርቱ ልብና ፈጣን መተንፈሻ ሊኖረው ይገባል ብሎ፣ በ1870 ባሳተመው መጽሐፍና በ1901 ለሕዝብ በጻፈው ሌላ መጽሐፍ ሙግቱን ዘረጋ። ኦወን ፍጥረቱን በወገኑ ስም ፈረደበት፤ ሲሊ ግን በሚሠራው ሥራ ሊፈርድለት ፈለገ። በእኔ አስተያየት ከዚያ ወዲህ የተደረገው ክርክር ሁሉ የዚህ የሁለቱ ሰዎች ሙግት ተከታይ ነው።

ሲሊ በጊዜው አላሸነፈም። ከአሜሪካ ከካንሳስ ኖራማ አለት እየወጣ ኦትኒየል ማርሽ በ1876 ፕቴራኖዶን ብሎ የሰየመው፣ የክንፉ ስፋት ስድስትና ሰባት ሜትር የሚደርሰው ፍጥረት በታወቀ ጊዜ፣ ይህን የሚያህል አካል በጡንቻ ኀይል ከመሬት ይነሣል ብሎ ማመን ለብዙዎች ከባድ ሆነ። በ1914 በሕንድ አገር በአግራ የጥንብ አንሣዎችን መንሳፈፍ ለዓመታት ሲመለከት የኖረው ሃንኪንና የእንስሳት ሊቅ የሆነው ዋትሰን በአንድነት ባቀረቡት ጥናት፣ ፕቴራኖዶን ይበልጡን የሚንሳፈፍ ክንፈኛ ሆኖ ታየ። በ1974 ቼሪ ብራምዌልና ጆርጅ ዊትፊልድ የአውሮፕላን ስሌት በዐፅሙ ላይ አውለው ክብደቱን 17 ኪሎ ግራም ገደማ ካደረጉ በኋላ፣ በባሕር አጠገብ ባለ ገደል ላይ ቆሞ ክንፉን ለነፋስ በመዘርጋት ብቻ የሚነሣ ፍጥረት አድርገው ሣሉት። ስሌታቸው የተደነቀ ሥራ ነበር፤ ነገር ግን አንባቢዎች ከዚያ የያዙት ሥዕል የአንድን ትልቅ ወገን ጠባይ በወገኖቹ ሁሉ ላይ የጫነ ሆነ። የክንፋቸው ስፋት ግማሽ ሜትር ብቻ የነበረ፣ በራሪ ነፍሳትን በአየር ላይ እያሳደዱ የሚበሉ ፕቴሮሶሮች ነበሩና፤ ነፋስ ወደ ወደደው የሚሄድ እንስሳ ትንኝ ሊያሳድድ አይችልም።

እንግዲህ ዐፅሙ ራሱ ምን ይላል? በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ ኬቪን ፓዲያን የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ ይህን ጥያቄ በትኵረት በጠየቀ ጊዜ፣ መልሱ ከትከሻው ጀመረ። የፕቴሮሶር ትከሻ እንደ አዕዋፍ ትከሻ በብርቱ አጥንት ከፍርንባው ጋር የተያያዘ ነው፤ በትልልቆቹም ዘንድ የትከሻው ሌላ ጫፍ እርስ በርሳቸው በተጋጠሙት የጀርባ አንጓዎች ላይ ተደግፎ፣ ክንፉ በሚመታበት ጊዜ ደረቱ እንዳይጨፈለቅ ይጠብቃል። ፍርንባው ሰፊ ነው፤ የላይኛው ክንድ አጥንት ደግሞ የደረት ጡንቻ የሚጣበቅበት ጎልቶ የወጣ ሰፊ ሸንተረር አለው። ቁልቁል ለሚንሳፈፍ እንስሳ ክንዱን ዘርግቶ መያዝ ብቻ ይበቃዋል፤ እንዲህ ያለ የጡንቻ ማረፊያ የሚያስፈልገው ክንፉን በኀይል ወደ ታች የሚመታ ፍጥረት ብቻ ነው። ፓዲያን ስለ ክንፉ ጥበትና በሁለት እግር ስለ መሄዱ የተናገረው በኋላ ብዙ ተቃዋሚ ገጥሞታል፤ ስለ ክንፍ መምታቱ የተናገረው ግን እስከ ዛሬ ጸንቶ ይገኛል።

ክንፉም እንደ ቀድሞው ግምት ተራ የቆዳ ጨርቅ አልነበረም። ክንፉ የሚጸናው ከአካሉ በሚረዝመው በአራተኛው ጣት ሲሆን፣ የቀሩት ሦስቱ ጣቶች በጥፍራቸው ከክንፉ ፊት ይታያሉ። በ1882 ካርል ፎን ዚትል በባቫሪያ የኖራ ድንጋይ ላይ ታትሞ የተገኘውን የአንድ ራምፎሪንኩስ ክንፍ በገለጠ ጊዜ፣ ከቆዳው ውስጥ እርስ በርሳቸው ተጠጋግተው የተሰለፉ ቀጫጭን ክሮች ታዩ፤ እነዚህም ክሮች የክንፉን ጫፍ አጽንተው በነፋስ እንዳይወዛወዝ ያደርጉት ነበር። በ2010 አሌክሳንደር ኬልነርና ባልደረቦቹ በቻይና በተገኘ አንድ ዐፅም ላይ እነዚህ ክሮች በሦስት ድርብ ተነባብረው እንደ ነበሩ አሳዩ። ከእጅ አንጓው ላይ የሚነሣ አንድ ቀጭን አጥንት ደግሞ ከአንገት እስከ አንጓ የተወጠረውን የፊት ቆዳ ከፍና ዝቅ ያደርግ ነበር፤ ይህም አጥንት በሌላ በማናቸውም እንስሳ ዘንድ አይገኝም። በዚሁ በ2010 ኮሊን ፓልመር የክንፉን ቅርጽ ሠርቶ በነፋስ ሲፈትነው፣ በዝግታ ለመብረርና በቀስታ ለማረፍ እጅግ የሚስማማ ሆኖ አገኘው።

ክብደትን ለማቅለል የተደረገውም ዝግጅት የሚያስደንቅ ነው። የክንፉ አጥንቶች ውስጣቸው ባዶ፣ ግድግዳቸውም በፕቴራኖዶን አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ የሚወፍር ነው፤ በዚያ ባዶ ውስጥ የነበረውም መቅኔ ሳይሆን አየር ነበር። ሊዮን ክሌሰንስና ባልደረቦቹ በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ ከሳንባው የሚነሡ የአየር ከረጢቶች በአጥንቱ ቀዳዳ እየገቡ አካሉን እንደሚሞሉ፣ የደረቱም ጎድን ሳንባውን በብርቱ ለማናፈስ የተዘጋጀ እንደ ሆነ ገለጡ፤ ይህም የአዕዋፍ መተንፈሻ ሥርዐት ነው። ጎልድፉስ በ1831 አየሁት ያለው የጠጕር ምልክትም፣ ሻሮቭ በካዛኽስታን ከካራታው ተራራ የተገኘውን ጠጕራም ፕቴሮሶር በ1971 ባስታወቀ ጊዜ ተረጋገጠ። ጠጕር ሙቀትን የሚጠብቅ ልብስ ነውና፣ ሲሊ ካረፈ ከስድሳ ዓመት በኋላ ስለ ሞቀ ደም የተሟገተው ሙግት ከአለቱ ምስክር አገኘ።

ከሁሉም ይልቅ እኔን ያሳመነኝ የአንጎሉ ነገር ነው። በ2003 ሎረንስ ዊትመርና ባልደረቦቹ የሁለት ፕቴሮሶሮችን የራስ ቅል በሲቲ ስካን መርምረው የአንጎሉን ቅርጽ ከባዶው ሲያወጡ፣ ከጆሮ፣ ከዐይንና ከአካል የሚመጣውን ስሜት አገናኝቶ ዐይንን የሚያጸናው ትንሽ የአንጎል ክፍል ከመጠን በላይ ሰፍቶ ተገኘ። ይህ ክፍል በአዕዋፍ ዘንድ ከአንጎሉ ክብደት ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ሲሆን፣ በፕቴሮሶር ዘንድ ከመቶ 7.5 እጅ ይደርሳል። እነዚያም ሊቃውንት እንዳመለከቱት ክንፉ ራሱ፣ ቆዳው በሙሉ፣ የውጥረቱንና የነፋሱን ወሬ ያለማቋረጥ ወደ አንጎል የሚልክ የስሜት አካል ሳይሆን አይቀርም። ይህን የመሰለ አእምሮ ለወደቀበት ነፋስ ራሱን አሳልፎ ለሰጠ ፍጥረት ምን ያደርግለታል?

ጫጩቶቹም የራሳቸውን ምስክርነት ሰጥተዋል፤ ምንም እንኳ ቃላቸው ሁሉን ባያስማማም። በ2017 በቻይና የሃሚፕቴረስ ዕንቍላል ከነፅንሱ በተመረመረ ጊዜ፣ መርማሪዎቹ የክንዱ አጥንት ገና ስላልጸና ጫጩቱ እንደ ተፈለፈለ አይበርም አሉ። በ2021 ዳረን ኔይሽና ባልደረቦቹ የጫጩቶችን የላይኛ ክንድ ብርታት ለክተው በተቃራኒው፣ አጥንቱ ከብዙዎቹ ዐዋቂዎች ይልቅ መሰበርን የሚቋቋም ስለሆነ ከዕንቍላል እንደ ወጡ ይበሩ ነበር ሲሉ መሰከሩ። ከባቫሪያ የኖራ ድንጋይ የወጡና የክንፋቸው ስፋት ከ20 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ሁለት የፕቴሮዳክቲሉስ ጫጩቶች ደግሞ፣ በ2025 በወጣው ጥናት እንደ ተገለጠው፣ የላይኛ ክንዳቸው ተጣምሞ የተሰበረ ነው፤ አጥኚዎቹም ይህን ስብራት በአየር ላይ ሳሉ ማዕበል እንዳደረሰባቸው ፈርደዋል። የሁለቱ ሕፃናት ሞት፣ ኀዘኑ እንዳለ ሆኖ፣ በተወለዱ ጥቂት ጊዜ ውስጥ ወደ ሰማይ ይወጡ ለመሆናቸው ብርቱ ማስረጃ ሆኗል።

ዛሬ እውነተኛ ክርክር ያለው ስለ ግዙፎቹ ነው። በ1971 ተማሪ የነበረው ዳግላስ ሎውሰን በቴክሳስ በቢግ ቤንድ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የአንድ ክንፍ ስብርባሪ አገኘ፤ በ1975ም ኬትሳልኮአትሉስ ብሎ የሰየመውን ፍጥረት የክንፍ ስፋት 15 ሜትር ገደማ አድርጎ ገመተው። ዛሬ ከ10 እስከ 11 ሜትር መሆኑን ብዙዎች ይስማማሉ፤ ይህም ቢሆን ሲቆም ቁመቱ ከቀጭኔ ጋር የሚተካከል እንስሳ ነው። በሰው ጡንቻ የሚሄድ አውሮፕላን ሠርቶ ስሙ የተጠራው መሐንዲሱ ፖል ማክሬዲ፣ ክንፉ 5.5 ሜትር የሚሰፋ የዚህን ፍጥረት አምሳያ በኤሌክትሪክ ሞተር እያርገበገበ እንዲበር አድርጎ፣ በካሊፎርኒያ በሞት ሸለቆ ለፊልም አበረረው፤ በ1986 በዋሽንግተን አጠገብ በሕዝብ ፊት ሲበር ግን ወድቆ ተሰበረ። ጅራት የሌለው ያ አካል ሚዛኑን የሚጠብቀው በየቅጽበቱ በሚያርመው የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ነበርና፣ ይህ ሥራ ስለ ፕቴሮሶር አንጎል ሰፊ ክፍል ከላይ የተባለውን በተግባር የሚያስረዳ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ብርቱ ተቃውሞዎች ተነሡ። በ2009 ካትሱፉሚ ሳቶ የተባለው ጃፓናዊ በአልባትሮስና በሌሎች የባሕር ወፎች ላይ መሣሪያ አስሮ የክንፍ ምታቸውን ከለካ በኋላ፣ ከ41 ኪሎ ግራም የሚከብድና ክንፉ ከ5.1 ሜትር የሚሰፋ እንስሳ ነፋስ በሌለበት ክንፉን እየመታ ሊቆይ አይችልም የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሰ። ዶናልድ ሄንደርሰን ደግሞ በ2010 የኬትሳልኮአትሉስን ክብደት 544 ኪሎ ግራም አድርጎ፣ እንደ ሰጎን መብረር የተወ ፍጥረት ሳይሆን አይቀርም አለ። በዚያው ዓመት ማርክ ዊትንና ማይክል ሃቢብ መልስ ሰጡ። ክብደቱ ከ200 እስከ 250 ኪሎ ግራም መሆኑን ከአስረዱ በኋላ የስሕተቱን ሥር ሲያመለክቱ፣ ሁሉም ፕቴሮሶርን እንደ ወፍ በኋላ እግሩ አስነሥተውት ነበር አሉ። ወፍ ለመነሣት የምትዘልለው በእግሯ ነው፤ የመብረሪያ ጡንቻዋ ክብደት በሚነሣበት ጊዜ አያግዛትም። ፕቴሮሶር ግን በፈረንሳይ አገር በክሬሳክ የተገኘው ዱካው እንደሚያሳየው በምድር የሚሄደው በአራት እግሩ ነበር፤ ስለዚህ ሃቢብ በ2008 እንዳቀረበው፣ ደም መጣጩ የሌሊት ወፍ ዛሬ እንደሚያደርገው፣ በዚያ ታላቅ የደረት ጡንቻ መሬቱን በክንዶቹ ገፍቶ ወደ ላይ ይወረወራል። የላይኛው ክንዱ ከጭኑ አጥንት ይልቅ እጅግ የበረታ መሆኑም ለዚህ ያደላል። ፓዲያንና ባልደረቦቹ በ2021 ባወጡት ሰፊ ጥናት እስከ ዛሬ በሁለት እግር ዘልሎ ይነሣል ይላሉ፤ እኔ የሃቢብን መንገድ እመርጣለሁ፤ ሆኖም ሁለቱም ወገኖች ፍጥረቱ በገዛ ኀይሉ ይነሣ እንደ ነበር አይለያዩም።

ከተነሣ በኋላ እንዴት ይሄድ እንደ ነበር የሚለው ሌላ ነገር ነው። በ2022 ዩሱኬ ጎቶና ባልደረቦቹ ባደረጉት ስሌት ፕቴራኖዶን በሚነሣ አየር ለመንሳፈፍ የሚመች ሲሆን፣ ኬትሳልኮአትሉስ ግን ለዚህ ደካማ ሆኖ ተገኘ፤ ምናልባትም አብዛኛውን ጊዜውን በምድር እየተመላለሰ፣ አጭር በረራ ብቻ እያደረገ ይኖር ነበር። በዚህ ላይ ሌላ ዐይነት ምስክር ያመጣው በ2024 የታተመው የዮርዳኖስ ግኝት ነው። የፕቴሮሶር አጥንት ስስ ስለሆነ በአለት ክብደት ተጨፍልቆ መገኘቱ የተለመደ ሲሆን፣ በዮርዳኖስ የተገኙት ሁለት የክንፍ አጥንቶች ግን ቅርጻቸውን እንደ ጠበቁ ነበር፤ ስለዚህም ውስጣቸውን በሲቲ ስካን ለማየት ተቻለ። አንደኛው፣ ክንፉ 10 ሜትር ገደማ የሚሰፋው የአራምቡርጊያኒያ ሲሆን፣ በባዶው ግድግዳ ላይ እየተጠማዘዘ የሚወጣ ሸንተረር አለው፤ ይህም በጥንብ አንሣዎች የክንፍ አጥንት ውስጥ ከሚገኘው ጋር ይመሳሰላል። ሁለተኛው፣ ኢናብታናን የተባለውና ክንፉ 5 ሜትር ገደማ የሚሰፋው አዲስ ወገን፣ ዛሬ ክንፋቸውን ዘወትር እየመቱ በሚበሩ ወፎች አጥንት እንደሚታየው፣ ግድግዳውን ወዲህና ወዲያ በሚደግፉ ቀጫጭን አግዳሚዎች የተሞላ ነው። የመጀመሪያው አጥንት የመጠምዘዝን ኀይል፣ ሁለተኛው የማያቋርጠውን የምት ጫና ለመሸከም ተዘጋጅተዋል፤ ስለዚህ በአንድ አገር ሰማይ፣ በዘመናቸው መጨረሻ ላይ፣ ትልቁ ይበልጡን እየተንሳፈፈ፣ ትንሹ ይበልጡን ክንፉን እየመታ ይበሩ ነበር።